ማንም ያልደበቀው ቀለበት

«ሐጂ ዓቡድ፣ እስቲ ኳሷን ይጨብጡልኝ» አለች ሲት ሰንዱስ።

አባቴ ኳሷን አዩዋት። ቀይ የላስቲክ ኳስ ናት፣ እንደ ሕፃን መጫወቻ። ቀጥለው ሲት ሰንዱስን አዩዋት።

«ልጆች አሉሽ?»

«ሁለት አሉኝ፣ ሐጂ።»

«እንግዲያው ለነሱ ስጪልኝ።»

በየሳምንቱ እንዲህ ነበር። አባቴን በብርዱ ወራት ስትሮክ መታቸው። እግራቸው በከዘራ እየታገዘ ተመለሰ። ንግግራቸውም ዘግየት እያለ ተመለሰ። ቀኝ እጃቸው ግን ጭናቸው ላይ እንደተኛ ቀረ። ሲት ሰንዱስ፣ ወይዘሮ ሰንዱስ ማለት ነው፣ በሆስፒታሉ ውስጥ እንዲህ ያለ እጅና እግር የምታፍታታ ባለሙያ ናት። ጎበዝ ናት፣ ታጋሽ ናት፣ ግን ከበሯ ውጭ ያለው አግዳሚ ወንበር ሁልጊዜ እንደሞላ ነው።

የዚያን ቀን እኔን ለብቻዬ ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ።

«ኸውላ እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ሦስት ወር ተኩል ሆናቸው። አሁን ካልተንቀሳቀሰ ሲቆይ ይብስበታል። ወረፋውን ደግሞ እያየሽው ነው፤ እምቢ የሚል ሰው ቦታ ይዞ መቀመጥ አይችልም። ስምንት ሳምንት ልስጣችሁ። እስከዚያ ያ ሌባ ጣት አንድ ነገር እንኳ መጫን ከቻለ እቀጥላለሁ። ካልቻለ ቦታውን ለሌላ እሰጣለሁ።»

«እጃቸውስ?»

«እንደዚያው ይቀራል።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ኳስ አልወድም አሉ።»

«የሚወዱትን ፈልጊላቸዋ» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ሌላ ሰው እየጠበቃት ነበር።

አባቴ የሚወዱት አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የፈድል ሰፈር ቀለበት ፈላጊ ነበሩ። ጨዋታው የረመዳን ነው። ሁለት ሰፈር ፊት ለፊት ይቀመጣል። አንዱ ቡድን በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ቀለበቱን ከአርባ ሰው ቡጢ በአንዱ ውስጥ ይደብቃል። ብርድ ልብሱ ሲነሳ የሌላው ቡድን ፈላጊ ብቻውን ይቆማል፣ ሰማንያ ቡጢና አርባ ፊት ከፊቱ ተደርድሮ። ቡጢ አይቶ አያውቀውም፤ ፊት አይቶ ነው። ባዶ ነው ያለውን እጅ «ክፈት!» ይለዋል። ቀለበቱ አለበት ያለውን ደግሞ «አምጣ!»። ከተሳሳተ ደባቂዎቹ ባንድ ድምፅ «ባት!» ብለው ይጮኹበታል። አደረ ማለት ነው፤ ቀለበቱ እኛው ዘንድ አደረ።

እኔ ይህን ጨዋታ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ሴት ልጅ አትቀመጥበትም። በጆሮዬ ነው የማውቀው። አባቴ ሲያሸንፉ የነበረውን ዝምታና ሲሸነፉ የነበረውን ጩኸት ለይቼ አውቃለሁ። ያ «አምጣ!» ሲሉ የሚዘረጉት እጅ ደግሞ ይኸው ቀኝ እጃቸው ነበር። አሁን ከነዚያ አርባ ሰዎች አብዛኞቹ አፈር ውስጥ ናቸው፤ የቀሩትም ወዲያ ወዲህ ተበትነዋል። አርባ ሰው ከየት ላምጣ? ከሆስፒታል ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ይህን ሳስብ ነው፣ ሰዎቹን ብሥላቸውስ ያልኩት። ኮምፒውተር ላይ። አባቴ በማውስ ነክተው የሚከፍቷቸው ቡጢዎች።

ሥራዬ ፍርድ ቤት ደጃፍ ነው፤ ሰው የተበደለውን ይነግረኛል፣ እኔ ሰምቼ አቤቱታ እተይባለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ አንድ ነው። ኮምፒውተር ማለት ለኔ የሚበራ ወረቀት ነበር። ሥዕል ሥሎ ሲነኩት እንዲንቀሳቀስ ማድረግ የሚያስተምር አንድ ተከታታይ ትምህርት በስልኬ አወረድኩ። አስተማሪዋ የሞሱል ሰው ናት፤ ከንግግሯ ታስታውቃለች። የመጀመሪያውን ትምህርት አውቶቡስ ላይ አራት ጊዜ ሰማሁት። አራተኛው ላይ ነው ስለምን እንደምታወራ የገባኝ።

ቀኔ እንዲህ ሆነ። ከፍርድ ቤት እመለሳለሁ። አባቴን አበላለሁ፣ አጥባለሁ፣ እጃቸውን በዘይት አሻለሁ። የዐስርን፣ የከሰዓቱን ሶላት እሰግዳለሁ። የሰፈሩ ጄኔሬተር እስኪጠፋ ድረስ ላፕቶፑ ፊት እቀመጣለሁ። ሙቀቱ ከውጭ አስፋልት ያቀልጣል፣ ከውስጥ ላፕቶፑ ጭኔን ይጠብሰዋል። ዓይኔ ይጨልማል። አስተማሪዋን እንደገና እሰማታለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቡጢ መሣል አቃተኝ። ክቡን ከፍ አድርጌ ማስቀመጥ ፈልጌ ትልቅ ቁጥር ሰጠሁት፣ አምስት መቶ። ጠፋ። ስድስት መቶ አልኩት። አሁንም የለም። ለካ እዚያ ዓለም ውስጥ ቁጥር የሚጀምረው ከላይ ከግራ ማዕዘን ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሥዕሉ ወደ ታች ይወርዳል። ቡጢዬ ሁለት ቀን ሙሉ ከስክሪኑ ግርጌ በታች ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ነበር።

«እዚያ ሳጥን ውስጥ ምን ጠፋብሽ?» አሉ አባቴ ከፍራሻቸው ላይ ሆነው።

«ቡጢ።»

«እኔ ጋር አንድ የማይሠራ አለ፤ ውሰጂው።»

በአምስተኛው ሳምንት አሥራ ሁለት ቡጢ ነበረኝ። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ሆነው፣ እያንዳንዱ አንድ ቡናማ ክብና ለጣቶቹ አራት አራት መስመር። ማውሱ ክቡ ላይ ሆኖ አንዴ ጫን ሲደረግ እጁ ይከፈታል፤ ያ «ክፈት» ነው። ተጭኖ ሲቆይ «አምጣ» ይሆናል። ቀለበቱን የሚደብቀው ዕጣ ነው። ማሽኑ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት አንድ ቁጥር እንዲያወጣ አዘዝኩት፤ የወጣው ቁጥር ቡጢ ውስጥ ቀለበቱ አለ።

አባቴን ጠረጴዛው አጠገብ አስቀምጬ፣ ቀኝ እጃቸውን አንስቼ ማውሱ ላይ አኖርኩት።

«ምንድን ነው ይሄ? ድንች ነው?»

«ቡጢ ነው፣ አባባ። ቀለበቱ ከነዚህ ባንዱ ውስጥ ነው።»

«የማን ቡጢ ነው?»

«የማንም አይደለም።»

«የማንም ያልሆነ ቡጢ የለም» አሉ። ዓይናቸው ግን ከስክሪኑ አልተነሳም።

ጣታቸው ተንቀጠቀጠች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ተንቀጠቀጠች። እኔ ሻይ ላፈላ የተነሳሁ መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው፤ ሰው ሲያያቸው አይወዱም። ከኋላዬ ጠቅ ሲል ሰማሁ። ዞር ስል አንዱ ቡጢ ተከፍቷል። ባዶ ነው።  ወጥ ቤት ገብቼ መሬቱ ላይ ግንባሬን ደፍቼ አመሰገንኩ።

ሦስት ቀን ተጫወቱ። ሁለት ሦስት እጅ ከከፈቱ በኋላ ጣታቸው ትዝላለች፣ እናቆማለን። በአራተኛው ቀን ግን እልህ ያዛቸው። ከዐስር ሶላት ጀምረው ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ ድረስ፣ እያረፉ፣ እየተራገሙ፣ አሥራ አንድ ቡጢ ከፈቱ። አሥራ አንዱም ባዶ ሆነ። አንድ ቀረ። ጣታቸውን አሥራ ሁለተኛው ላይ አድርገው ተጭነው ቆዩ። ከመታመማቸው በፊት በነበረው ድምፅ «አምጣ!» አሉ።

ተከፈተ። ባዶ ነበር።



«የት ሄደ?» አሉ።

«እንጃ… ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል።»

«አሥራ ሁለት እጅ፣ አሥራ ሁለቱም ባዶ። የት ሄደ ቀለበቱ?»

«ነገ አየዋለሁ፣ አባባ።»

«ምኑን ታዪዋለሽ? እኔ ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። ቀለበት ያለበት ረድፍ ይከብዳል። ሰዎቹ ቢስቁም ይከብዳል። ይሄ ግን አይከብድም። እዚህ ውስጥ ማንም ምንም አልደበቀም።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ወይ ደግሞ እያዘዋወራችሁት ነው። ፈላጊ ከተነሳ በኋላ ቀለበት የሚያዘዋውር ቡድን ሌባ ነው። እኔ ከሌባ ጋር አልጫወትም።»

በግራ እጃቸው ቀኝ እጃቸውን ከማውሱ ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ መለሱት።

ሲት ሰንዱስ ለሰጠችን ቀጠሮ ከሁለት ሳምንት ትንሽ በለጥ የሚል ጊዜ ቀርቶን ነበር። በማግስቱ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። በሦስተኛው ቀን ኳሷን አመጣሁ፤ ወረወሯት። እኔም ደከመኝ። አንድ ቀን ስሰግድ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለሁ ጠፋኝ፤ ሁለት ይሁን ሦስት አላውቅም። ሱጁድ ላይ ግንባሬን እንደደፋሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ አባቴ ከፍራሻቸው ሆነው እያዩኝ ነበር። 

ስህተቱን ያገኘሁት ከሳምንት በኋላ አውቶቡስ ላይ ነው፣ ሦስተኛውን ትምህርት ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ ሳላውቅ ስሰማ። አስተማሪዋ ፕሮግራሙን ሁለት ክፍል እንዳለው ቤት አድርጋ ትገልጸዋለች። የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ የተጻፈ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ይፈጸማል፣ ሲጀመር። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ የተጻፈው ግን በየሰከንዱ ስልሳ ጊዜ ይደጋገማል፤ ሥዕሉ የሚንቀሳቀሰው ለዚህ ነው። «አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን የምትፈልጉትን ሁለተኛው ክፍል ውስጥ እንዳታስገቡት» ትላለች። ይህን ቢያንስ ሃያ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ጆሮዬ ግን አልያዘውም።

እኔ ሁሉንም ሁለተኛው ውስጥ ነበር የጻፍኩት። ሆን ብዬ። ቁርኣን ስማር ሼኻችን አንዲትን አንቀጽ መቶ ጊዜ ያስደጋግሙን ነበር። ዚክርም፣ የአላህን ስም ማውሳቱ፣ መደጋገም ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተባለ ነገር ከልብ ይጠፋል ብዬ ነው ያደግሁት። ማሽኑም ከሰው የባሰ የሚረሳ መስሎኝ፣ የዕጣውንም ትእዛዝ ይደጋገም ብዬ እዚያው ጨመርኩት። ደጋገመው። በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ዕጣ ያወጣ ነበር። የአባቴ ጣት ከአንዱ ቡጢ ወደ ሌላው እስክትደርስ ቀለበቱ ሺህ ቦታ ሄዷል። ኮምፒውተር የማያውቁት አባቴ በመጀመሪያው ቀን ያወቁትን ለማወቅ እኔ ስድስት ሳምንት ተኩል ፈጀብኝ።

ማስተካከሉ ሻይ እስኪፈላ ድረስ እንኳ አልወሰደም። አንዲት መስመር ከታች አንስቼ ላይ አኖርኩ።

«አባባ፣ ተስተካክሏል። አሁን አይዘዋወርም።»

«ሌባ እጄን ታጥቤያለሁ ቢል ትቀበይዋለሽ?»

እዚህ ላይ ነው የአባቴን ዓለም ሥርዓት ያስታወስኩት። ቀለበት ሲያዘዋውር የተያዘ ቡድን፣ አለቃው የዘላቢያ ጣፋጭ ትሪ ይዞ በምስክር ፊት ቀርቦ ይናዘዛል። ያለዚያ ማንም አብሮት አይቀመጥም። ስለዚህ ዘላቢያ ገዛሁ፣ ከካዝሚያም አቡ ነጅምን ጠራሁ። አቡ ነጅም የካዝሚያ ሰፈር ፈላጊ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአባቴ ጋር ሲበሻሸቁ ነው የኖሩት። አባቴ ከታመሙ ወዲህ ግን ሁለት ጊዜ ብቻ መጥተው ነበር፤ አባቴ አላናግርም ብለዋቸው።

«ሐጂ! አልሞትክም እንዴ?» አሉ ገና ከበሩ።

«አንተን ቀብሬ ነው።»

«አፍህ ሠርቷል፤ ሌላው ነው የቀረህ። ልጅቷ ሌባ ሆኛለሁ ብላ ጠራችኝ፣ ምን ሰረቀች?»

ትሪውን መሐላቸው አስቀምጬ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ ተናገርኩ። ሰው ፊት መቆም ልማዴ አይደለም። «ሐጂ ዓቡድ ከተነሱ በኋላ ቀለበቱ ተዘዋውሯል። አዘዋዋሪዋ እኔ ነኝ። ባለማወቅ ነው።»

«ስንት ጊዜ አዘዋወርሽው?» አሉ አቡ ነጅም፣ እንደ ዳኛ።

«በሰከንድ ስልሳ ጊዜ።»

አቡ ነጅም ሁለት ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ። ከዚያ ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ስልሳ! ሐጂ ሰማህ? እኛ ሰፈር ሰው አንዴ አዘዋውሮ ሦስት ረመዳን አላነጋገርነውም! ስልሳ ጊዜ! የተባረከች ሌባ!»

አባቴ አልሳቁም። ግን ከዘላቢያው አንድ አነሡ። ኑዛዜውን ተቀበሉ ማለት ነው።

«አሁን የሚደብቀው ማነው?» አሉ።

«ዕጣ ነው። ማሽኑ ያወጣና ሳያነቃንቅ ይይዘዋል።»

«ዕጣ ፊት አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ እኔ ምኑን አያለሁ?» አገጫቸውን ወደኔ አነሱ። «አንቺ ደብቂ።»

እነሱ ዘላቢያ እየበሉና የሞቱትን ሰዎች በስማቸው እየጠሩ እየሰደቡ፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ ዕጣውን ከፕሮግራሙ አወጣሁት። በምትኩ ለእያንዳንዱ ቡጢ አንድ የፊደል ቁልፍ ሰጠሁ፤ የተጫንኩት ቁልፍ ቡጢ ቀለበቱን ይዞ ይቀመጣል። ሁለቴ ተሳስቼ ስክሪኑ ባዶ ሆነ። «ብርድ ልብሱ ሳይነሳ ሊነጋ ነው» አሉ አቡ ነጅም። በመጨረሻ ቁልፎቹን በሻርፔ ጫፍ ሸፍኜ አንዱን ተጫንኩ። ከሁለተኛው ረድፍ የመጀመሪያውን።

የአባቴን እጅ ማውሱ ላይ አኖርኩ። አባቴ ስክሪኑን አላዩትም። እኔን አዩኝ። ግንባሬን፣ ከንፈሬን፣ እንደገና ግንባሬን። በዚህ ቤት ስኖር እንዲህ ታይቼ አላውቅም፤ እኔ የምሰማ እንጂ የምታይ ሰው አይደለሁም። ዓይኔን ልሰብር ስል «አትንቀሳቀሺ» አሉ።

«ሁለተኛው ረድፍ» አሉ ቀስ ብለው። «የዳሩ። በግራ በኩል።»

ልክ ነበሩ። «ማሽኑ አፍ አይሰማም፣ አባባ። ጣት ብቻ ነው የሚሰማው።»

ተራገሙ። እጃቸው ማውሱን ጎተተች፤ ከቡጢው አለፈች፤ ተመለሰች፤ እንደገና አለፈች። ላብ ከጆሮ ግንዳቸው ወረደ። አጠገቡ ያለው ላይ ደርሳ ሳለ ጣቲቱ ከሳቸው ፈቃድ ቀድማ ተጫነችና እዚያው ቀረች። ተከፈተ። ባዶ።

«ባት!» አሉ አቡ ነጅም፣ በከዘራቸው ወለሉን እየደበደቡ። «አደረ! አደረ!»

«እኔ ያልኩት የዳሩን ነው!»

«እጅህ ያለው ግን ይሄንን ነው! ካዝሚያ የሚቆጥረው እጅ ነው!»

«ድገሚ!» አሉኝ አባቴ። ፊታቸው ቀልቷል። «ሸፍኚው፣ ድገሚ!»

ደገምኩ። ዘጠኝ ጊዜ ደበቅሁ። ዘጠኙንም ጊዜ ፊቴ ላይ አነበቡት። እጃቸው የታዘዘችላቸው ሁለት ጊዜ ነው። አቡ ነጅም «ሰባት ለሁለት» ብለው፣ ለካዝሚያ ሰዎች ሁሉ እንደሚናገሩ ዝተው ሄዱ። በማግስቱ ሳይጠሩ መጡ። በየቀኑ መጡ።

በቀጠሯችን ቀን ሲት ሰንዱስ ኳሷን አላወጣችም። ጫፉን ሲጫኑት የሚወጣና የሚገባ እስክሪብቶዋን እጃቸው ውስጥ አስገባች።

«ይጫኑልኝ፣ ሐጂ።»

አልሆነም። ጠበቀች። በር ላይ ሰው አንኳኳ፤ «ቆይ» አለች። በሦስተኛው ሙከራ እስክሪብቶዋ ጠቅ አለች። መዝገቧ ላይ ትንሽ ጻፈች። ፊቷ ላይ ምንም አላየሁም፤ እሷም እንደኔ ደክሟታል። «ሌላ ስምንት ሳምንት» አለች። «ደካማ ነው። ግን ሌላ ስምንት ሳምንት።»

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ አባቴ ከፊት ተቀመጡ። ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ ነበር።

«አሥራ ሁለት ቡጢ የሕፃን ነው» አሉ ድንገት። «ቡድን ማለት አርባ ሰው ነው። ሰማንያ አድርጊልኝ።»

«እያንዳንዱን በእጄ ነው የጻፍኩት፣ አባባ። ሰማንያ አልችልም። ብዙ ነገር ባንዴ የሚሣልበት ትምህርት አለ፤ ገና አልደረስኩበትም።»

«ድረሺበታ።»

«ደክሞኛል።»

እውነቴን ነበር። እዚያው ወንበሩ ላይ ብተኛ ለሳምንት አልነቃም ነበር።

አባቴ ወደ ወንዙ ዞሩ። «እኔስ ብትይ» አሉ። «ከዚህ ጀምሮ» ግራ እጃቸው ክርናቸውን ነካ፣ «እስከ ጣቴ ጫፍ እንደ እሳት ያመኛል። ሌሊቱን ሲጠዘጥዘኝ ነው ያደረው።»

ከአምስት ወር በላይ ያ እጅ ፍል ውሃም አልተሰማው፣ በረዶም አልተሰማው፣ ሲት ሰንዱስ በመርፌ ስትነካውም አልተሰማው።

«በጣም ያማል?» አልኩ።

«ነገርኩሽ እኮ፣ በጣም።»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ፤ ሳላስበው አምልጦኝ።

አባቴ ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ፤ ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞሩ።

«አየህልኝ ወንድሜ? አመመኝ ስላት ታመሰግናለች!»